ቢጫ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ይህ ሥራ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር። አዳማ ገበያ በር ላይ የነበረኝን መደብ ወሰደብኝ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥበታል። እንቁላል የመብላት ፍላጎቴን ወሰደብኝ። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ «ደህናውን ዕቃ ከመናኛው በዓይኔ አይቼ እለያለሁ» የሚለውን ኩራቴን መውሰዱ ነው። ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም። ሌላው ሌላው ተርፎልኝ፣ ጡረታዬ ተከብሮልኝ በሰላም ወጥቻለሁ።

ስሰናበት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግር ያደረገው ወጣት ኃላፊ የሥራ መደቤን ከወረቀት ላይ አነበበ፤ «የእንቁላል ግዢ ሠራተኛ።» አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ሳስበው፣ ከሳቂዎቹ መካከል ዶክተር መኩሪያን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ደርግ ሲመጣ ሁለት ቅርጫት እንቁላል ይዤ ንዑስ ከበርቴ ተባልሁ። ሦስተኛ ቅርጫት ጨምሬ ቢሆን ኖሮ «ንዑስ» የምትለዋ ትነሳልኝ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ የከተመ ዶሮ ነጋዴ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ብዙ ሳልቆይ በዶሮ ጩኸት መሐል አደግሁ። መጻፍና መደመር የተማርሁት በገበያ ነው። መቀነስ ያስተማሩኝ ደንበኞቼ ናቸው።

አንድ ቀን ባርኔጣ ያጠለቁ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ሰው መደቤ ፊት ቆሙ።

«እነዚህ እንቁላሎች አውራ ያገኛቸው ናቸው?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ የምሸጠው እንቁላል ነው፤ የጋብቻ ወረቀታቸውን አላመጣሁም።»

አልሳቁም። «የምፈልገው ጫጩት የሚሆነውን ብቻ ነው። በምን ትለየዋለህ?»

«ገና ሲጣል ማንም አይለየውም። ከየትኛው ቤት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ጠዋት አውራ ዶሮ የማይጮህበት ግቢ ገብቼ ለማስታቀፍ የሚሆን እንቁላል አልገዛም።»

ይሄኔ ፈገግ አሉ። «ስምህ ማነው?»

«ሰይድ።»

«ሰይድ፣ ነገ ሠላሳ አምጣልኝ። ስንቱ ጫጩት እንደያዘ ቆጥሬ እነግርሃለሁ።»

ጥቂት ብቻ ቀርቶ ሁሉም ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በከተማው ጫፍ ላይ ባለው የመንግሥት ላቦራቶሪ በቋሚነት ተቀጠርሁ። ባለቤቴ ዘሃራ ስትሰማ፣ «መንግሥት ሱቅ ሲወርስ እንጂ ነጋዴ ሲወርስ አላየሁም» አለች።

ዶክተር መኩሪያ የመድኃኒት ኬሚስት ነበሩ። በሽተኛ አያዩም፤ መርፌም አይወጉም። ሥራቸው መድኃኒቱን ራሱን መፍጠር ነበር፤ የሚያሳድዱትም ኩፍኝን ነው። ለኩፍኝ ክትባት እንዳለ ያውቃሉ። «ክትባት ሳይታመም ለተገኘ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። «አንድ ጊዜ ለያዘው ልጅ ግን የምንሰጠው ነገር የለንም። ቁጭ ብለን ነው የምናየው።»

ስለ ሞለኪውል ያስረዱኝ በልብስ ሰፊ ነው። ላንጋኖ ዳር ከሚበቅል ዛፍ ልጥ አንድ ነገር አውጥተዋል፤ ቫይረሱን ትንሽ ያዳክማል፤ ትንሽ ብቻ። እንግዲህ ያንን ነገር እንደ ኮት ይቆጥሩታል። ከዚህ ያሳጥራሉ፣ እዚያ ይቀጥላሉ፣ ከዚያ ቫይረሱ ላይ ይለኩታል። አንዱን እርማት ለመሥራት አንድ ወር ይፈጃል። ያፈላሉ፣ ያጣራሉ፣ ያተናሉ። መጨረሻ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ማር የመሰለ ዝልግልግ ይቀራል። ይህን ማር የመሰለ ነገር አይወዱትም፤ «ያልጠራ ነገር ነው የሚያጣብቀው» ይላሉ። በበረዶ ውስጥ አስቀምጠው የጠርሙሱን ግድግዳ ከውስጥ በብርጭቆ ዘንግ ይፍቁታል፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። እኔ መጀመሪያ ላይ ዕድፍ የሚያስለቅቁ መስሎኝ ነበር። ከተፋቀው ቦታ ላይ ግን ድንገት አንዲት ነጭ ነጥብ ትወጣለች፤ ከሷም ሌላ፣ ከሌላውም ሌላ፤ ዓይንህ እያየ ማሩ ሁሉ እንደ ስኳር ይደርቃል። ያን ቀን ሻይ ይጋብዙናል።

ብርጭቆአቸውን ሌላ ሰው አያጥብላቸውም። ረዳታቸው ወይዘሪት አስቴር አንድ ጊዜ ልታጥብ ስትነሣ፣ «ተዪው ልጄ፤ ብርጭቆዬን ሰው ካጠበልኝ ስሕተቴንም ሰው እንዲያጥብልኝ ያምረኛል» አሏት። ጠርሙስ ላይ ቁጥር አይጽፉም፤ የሚፈሰው ፈሳሽ ቀለሙን እየበላው ስላስቸገራቸው በአንገቱ ላይ ክር ያስራሉ። ስለዚህ በእኛ ቤት መድኃኒት ሁሉ በክሩ ይጠራል፤ ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር፣ ነጭ ክር። እና ደግሞ «ሠራ» አይሉም። አንድ ነገር ደህና ውጤት ሲሰጥ፣ «እስካሁን አላሳፈረንም» ነው የሚሉት።

እንቁላሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቫይረስ ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ ካልሆነ አይራባም። ዶክተሩ በኩፍኝ ፈንታ የሚጠቀሙት የዶሮ ፈንግልን ነበር። ፈንግል ዶሮን ይፈጃል፤ ለሰው ግን እምብዛም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከኩፍኝ ጋር ዘመድ ነው አሉኝ። «የአጎት ልጅ በለው» አሉ፤ «አንዱን የሚይዝ ሌላውን ሊይዝ ይችል ይሆናል።»

እንቁላሉን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ከሳምንት በላይ እናቆየዋለን። ከዚያ በጨለማ ክፍል በብርሃን እናየዋለን። በሕይወት ያለው ጽንስ ቀይ የደም ሥሩን ዘርግቶ ሲወራጭ ይታያል። በወፍራሙ ጫፍ በኩል ቅርፊቱን በመርፌ በስተን ቫይረሱን እንሰጠዋለን። እኩሌታው ላይ መድኃኒት፣ እኩሌታው ላይ የጨው ውሃ ብቻ እንጨምርና ቀዳዳውን በሻማ ሰም እንደፍናለን። በየጠዋቱ በብርሃን ማየት ነው። የሞተው የደም ሥሩ ይጠፋና ቀለበት የመሰለ ጥቁር ደም ይቀራል። ይህ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ከአስቴር ቀድሜ ሞቱን አያለሁ። ስንት ክር በዚያ ክፍል ሞተ! ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም። ዶክተሩ ጠርሙሱን እያነሡ፣ «በል እንግዲህ፣ አንተም ደህና ሁን» ይሉትና ወደ መደርደሪያው ጥግ ይሸኙታል።

ከዚያ ቢጫው ክር መጣ።

በዚያ ሰሞን እውነተኛው ፈንግል አዳማ ገብቶ የሰፈሩን ዶሮ ጠራርጎ ስለወሰደ እንቁላል ፍለጋ ወደ ሁሩታ መውጣት ጀምሬ ነበር። የሁሩታ ደንበኛዬ አዴ መኪያ ይባላሉ፤ በሻሽ የተጠቀለሉ፣ ምላሳቸው የተሳለ የአርሲ ሴት ናቸው።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ።

«ነጋ፣ ነጋ። መጣህ ደግሞ? የመንግሥት ሆድ እንቁላል አይጠግብም እንዴ?»

ጭድ ውስጥ ለብቻ የሚያስቀምጧቸው ትልልቅ እንቁላሎች ነበሯቸው፤ ለማስታቀፍ ለሚገዛ ብቻ ያወጧቸዋል። እኔ ሁሉንም አነሣለሁ። ከመቂ መንገድ ዳር የምገዛው ደግሞ ከወረርሽኙ በኋላ ሰው አዲስ ያረባቸው፣ እንቁላል መጣል ገና የጀመሩ ቄቦች የጣሉት ነው፤ ትንንሽ ነው። ነጋዴ ነኝና ለየሁት፤ ትልልቁን በአንድ ትሪ፣ ትንንሹን በሌላ ትሪ። ደባልቆ ማቅረብ በእኛ ሙያ ነውር ነው፤ ገዢን መናቅ ነው።

ዶክተሩ ትሪዎቹን አይተው ደስ አላቸው። ቢጫውን ክር ለመሥራት በጋውን ሙሉ ለፍተው ያገኙት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነበር። «ይህን በመናኛ እንቁላል ላይ አናባክነውም» አሉ። «አንደኛ ደረጃው ለመድኃኒቱ ይሁን፤ ሁለተኛው ለውሃው።» አስቴርም እኔም ተስማማን። ብልህነት መሰለን።

ውሃ የተሰጣቸው ሞቱ። ቢጫ ክር የተሰጣቸው በብርሃን ሳያቸው ይወራጫሉ! ደገምነው፤ ያው ሆነ። አስቴር ቢጫ ክር ከተሰጣቸው እንቁላሎች የቀዳችውን ፈሳሽ ከደም ጋር ቀላቅላ ሞከረችው። ቫይረስ ካለ ደሙ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ከሌለ ከታች እንደ አዝራር ይቀመጣል። አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር። «ዶክተር፣ ኑ እዩ!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ቆመው አዩ። «እስካሁን…» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። የዚያን ቀን ሻይ ብቻ ሳይሆን ብስኩትም ነበር።

የድርቁ ዓመት ነበር። በመጠለያዎች ውስጥ ልጆች በኩፍኝ ያልቁ ነበር። ጓድ ደምሴ የሚባል የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ የቢጫውን ክር ወሬ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ችኩል ነበር። መድኃኒቱ በብዛት ተሠርቶ ለመጠለያ ልጆች እንዲሰጥ፣ በአብዮት በዓልም እንዲታወጅ ወሰነ። ዶክተሩ፣ «ገና በጥንቸል እንኳ አልሞከርነውም» ቢሉት፣ «ጓድ ዶክተር፣ ልጆቹ ጥንቸል እስኪሞከር አይጠብቁም» አላቸው። እኔ ራሴ ከደምሴ ጎን ነበርሁ። የሚሠራ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም።

በዓሉ ሲቃረብ ዝናብ የሁሩታን መንገድ ቆረጠው። ትልልቁ እንቁላል አለቀ። አስቴር ሁለቱንም ትሪ ከመቂ በመጣው ሞላችው። በማግሥቱ ማግሥት ጠዋት መብራቱን አብርቼ የመድኃኒቱን ትሪ አነሣሁ። የመጀመሪያው ቀለበት ነው። ሁለተኛውም ቀለበት። ትሪውን ጨርሼ መብራቱን አጠፋሁና ጨለማው ውስጥ ቆምሁ።

ዶክተሩ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ምን ተለወጠ?» አሉ። ጠርሙሱ ያው ነው። ቫይረሱ ያው ነው። ሳጥኑ ያው ነው። «እንቁላሉ ብቻ» አልሁ። «ግን እንቁላል እንቁላል ነው፤ ትንሽ ቢሆንም።»

መንገዱ እንደተከፈተ፣ «ተነሥ፣ ሁሩታ እንሂድ» አሉኝ። አዴ መኪያ ባርኔጣ ያደረገ ሹም ሲያዩ ግብር መሰላቸው። ዶክተሩ ግን ጭዱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ «እናቴ፣ እነዚህን ለምን ለብቻ ያኖሯቸዋል?» አሉ።

«ለማስታቀፍ ነዋ። የእነዚህ ጫጩት አይሞትም።»

«ለምን አይሞትም?»

«እናቶቻቸው ፈንግል ይዟቸው የተረፉ ናቸው። ሁሉ ሲያልቅ እነሱ ቀሩ። ከቀረችው ዶሮ የሚፈለፈለው በልጅነቱ ፈንግል አይነካውም። ይሄን የማያውቅ አለ?»

ዶክተሩ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እኔም ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ዋጋ ለማስወደድ የሚባል ነገር ነበር ለእኔ። አንዷን እንቁላል አንሥተው እያገላበጡ፣ «ሰይድ፣ ከበሽታ የተረፈች ዶሮ መከላከያው በደሟ ይቀራል» አሉ ቀስ ብለው። «ከደሟ ወደ አስኳሉ ይገባል። ቫይረሱን የገደለው ቢጫው ክር አይደለም። እናቲቱ ናት።»

በአውቶቡስ ተመለስን። ዴራ ስንደርስ፣ «እናንተ ዕቁብ ስትጥሉ ሰብሳቢው ለወዳጁ እንዳያደላ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዕጣ እናወጣለን፤ ሰው ሁሉ እያየ።»

«እኛም እንደዚያ ማድረግ ነበረብን። ይህን ትምህርት ቤት አስተምረውኛል፤ መድኃኒቱ ሲያንስብኝ ሣሣሁና ረሳሁት።»

ዕጣ አወጣን። የሁሩታውም የመቂውም እንቁላል ተቀላቀለ፤ አስቴር ዓይኗን ጨፍና ከባርኔጣቸው ውስጥ ብጥስጣሽ ወረቀት እያወጣች «መድኃኒት»፣ «ውሃ» እያለች ደለደለችው። ጠዋት ጠዋት ስናየው የሁሩታው ውሃ ተሰጥቶትም ይወራጫል፤ የመቂው ቢጫ ክር ጠጥቶም ይሞታል። ከዚህ በላይ መከራከሪያ አልነበረም።

ስብሰባው በላቦራቶሪው ትንሽ አዳራሽ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ወደ መጠለያ የሚወስደው መኪና ተዘጋጅቷል» አለ ጓድ ደምሴ።

«መኪናው ይመለስ። መድኃኒቱ አይሠራም።»

«ባለፈው ወር ይሠራ ነበር እኮ!»

«ባለፈው ወርም አይሠራም ነበር። እኛ ነን የተሳሳትነው።» ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ አስኳሉ፣ ስለ ትሪዎቹ አስረዱ።

ደምሴ ላቡን ጠረገ። ለበላይ አካል አስቀድሞ አሳውቋል፤ አንገቱ ላይ ያለው ገመድ ታየኝ። ከዚያ ዓይኑ አዳራሹን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«እንቁላሉን ለይቶ ያመጣው ማነው?»

ራሱ በጣቱ አመለከተኝ።

«ይሄ ነጋዴ አይደለም? እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ንዑስ ከበርቴ የአብዮቱን መድኃኒት ለማክሸፍ የማይሆን እንቁላል ለይቶ አስገብቷል። ይሄ አሻጥር ነው።» ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ለሰለስ አደረገ። «ይህችን ብቻ ይበሉ፣ ዶክተር። ላቦራቶሪው እንዳለ ይቆያል። ሥራዎ ይቀጥላል። እኔም ለበላይ የምለው አገኛለሁ።»

በዚያ ዘመን አሻጥር ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ያ ቃል ስሙ ላይ የተለጠፈበት ሰው ቤቱ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ዘሃራ፣ «አንተ ለእንቁላል ስትል ትሞታለህ» ትለኝ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ።

ዶክተር መኩሪያ እኔን አላዩኝም። ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ነጋዴው ደህናውን ከመናኛው ለይቶ አመጣ፤ ሙያው ነው። ደህናውን ለመድኃኒቱ ስጡ ያልሁት እኔ ነኝ። አስቴርን ይጠይቋት።»

አስቴር አንገቷን ደፍታ፣ «እሳቸው ናቸው ያዘዙት» አለች።

«ዶክተር፣ አስበውበታል?» አለ ደምሴ።

«አላሰብሁበትም» አሉ። «ማሰብ አያስፈልገውም። እንደዚያ ነው የሆነው።»

በዚያው ሳምንት ላቦራቶሪውን አስረከቡ። የተመደቡት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር፣ የሶዳ ናሙና በሚመዘንበት ክፍል ነው። ለመድኃኒት ኬሚስት ያ ማለት፣ አንደኛ ደረጃ ልብስ ሰፊን ከረጢት እንዲሰፋ ማዘዝ ነው። እኔ ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ቀረሁ፤ አውራ ያገኘው እንቁላል ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

በየበዓሉ የመቂ ቲማቲም ይዤ እጠይቃቸው ነበር። ነፋሱ ሶዳውን እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል። አንድ ቀን፣ «ዶክተር፣ ያን ቀን ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ ላቦራቶሪዎ ውስጥ ነበሩ» አልኋቸው።

«ዓይንህን አትሻሽ፣ ሶዳው ያቃጥልሃል» አሉኝ። ከዚያ፣ «አሁንም ዕጣ ታወጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እናወጣለን።»

«ጥሩ።»

ደርግ ሊወድቅ ሲል መልሰው አመጧቸው። ፀጉራቸው ነጥቶ፣ እጃቸው ግን አልተለወጠም፤ ዘንጉን አንሥተው ፍቅ፣ ፍቅ አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጥቁር ክር፣ ወይን ጠጅ ክር፣ ሌላም ብዙ ክር ሠሩ። ሁሉም በዕጣ ተሞከረ። አንዱ ቫይረሱን ገደለልን፤ ጽንሱንም አብሮ ገደለው። ዶክተሩ ለሱም፣ «በል፣ አንተም ደህና ሁን» አሉትና ሸኙት። ከሳቸው የተማርሁት ሙያ ይህ ነው፤ የማይሠራውን ሳያለቅሱ መሸኘት። አስቴርም ከሳቸው በኋላ ክፍሉን ይዛ እስከ ቅርብ ጊዜ ስትመራ ብርጭቆዋን ራሷ ታጥብ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው። ለኩፍኝ መድኃኒት አላገኘንም። ቢጫው ክር ለአንድም ልጅ አልተሰጠም። ዶክተር መኩሪያ ዓመታት ሶዳ መዘኑ። እኔ አልታሰርሁም።